የዘውዱ ርክክብ

ባለፈው ሳምንት ለሰባተኛ ክፍል ስለ ካርታ ስኬል እያስረዳሁ ሳለ፣ ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። ጥያቄው ስለ ካርታ መስሎኝ ጠመኔዬን ይዤ ዞርኩ።

«ቲቸር፣ እውነት ዘውድ ደፍተው ነበር?»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ከጎኗ የተቀመጠው ልጅ ጨመረበት፦ «ፎቶው አለ ቲቸር! አክስቷ ስልክ ላይ አይተነዋል። ያኔ ቀጭን ነበሩ!»

አዎ፣ ቀጭን ነበርኩ። ዘውድም ደፍቼ ነበር። ስኬሉን ሳልጨርስ ሌላ ወሬ መጀመር ስለማልወድ «ዓርብ ከክፍል በኋላ እነግራችኋለሁ» አልኳቸው። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ነገሩ በአሥር ደቂቃ የሚያልቅ አልሆነም። ስለዚህ መጀመሪያ ለራሴ በቅደም ተከተል ልጻፈው አልኩ።

ከውድድሩ ልጀምር። ቢቸና የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ዕድሜዬ አሥራ ሰባት። አንድ አዘጋጅ ኮሚቴ ከእኛ ከተማ፣ ከሞጣና በመካከል ካሉት ከተሞች ልጃገረዶችን ሰብስቦ የቁንጅናና የባህል ውድድር አዘጋጀ። በአገር ልብስ መራመድ ነበረብን፣ እስክስታ መምታት ነበረብን፣ በመጨረሻ ደግሞ አንድ ጥያቄ መመለስ። እኔ ከሁሉ ቆንጆ አልነበርኩም፤ ይህን ያኔም አውቀው ነበር። ከሞጣ የመጣችው ልጅ መልክ ከእኔ በእጅጉ ይበልጥ ነበር። ያሸነፍኩት በጥያቄው ነው።

ጥያቄው «እንግዳ ወደ አካባቢሽ ቢመጣ ምን ታሳዪዋለሽ?» የሚል ነበር። ከእኔ በፊት የነበሩት ገዳማቱን፣ ዓባይን፣ የዓባይ ድልድይን አሉ። እኔ ጋ ሲደርስ የቀረ ነገር ስለሌለ የማውቀውን ተናገርኩ። «ከቢቸና ወጣ አድርጌ ጤፍ የሚያርሙ ሰዎች አሳየዋለሁ። ከእንጀራው በፊት ለእንጀራው ያጎነበሰውን ወገብ ይይ» አልኩ። ተመልካቹ አብዛኛው ገበሬ ነበር። ጭብጨባው አልቆም ሲል ዳኞቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ዘውዱ ብጫ ብረት ነበር፤ ብርጭቆ የመሰሉ ፈርጦች ተለጥፈውበታል። ከጆሮዬ በላይ እየቆነጠጠ ሁለት ቀይ መስመር ይተውልኝ ነበር። ከደረቴ የሚያልፈው አረንጓዴ ጥብጣብ ረዝሞብኝ እናቴ ጠርዙን አጠፈችልኝ። በማግስቱ የባጃጅ ሾፌሮች ከተራቸው ሆነው «ንግሥት! ዙፋንሽን ባጃጅ ላይ እንጫነው?» እያሉ ይጮኹ ጀመር። በክፍላችን ደግሞ ጠመኔ ሳነሳ እንኳ ወንዶቹ ተነሥተው እጅ ይነሡ ነበር።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን መምህር ነው፤ ከተማው «የኔታ» ይለዋል። በሦስተኛው ቀን ዘውዱን ከመደርደሪያው አውርዶ በሁለት ጣቱ ያዘና ጠየቀኝ።

«ይህ ሹመት ነው?»

«አዎ አባዬ።»

«እንግዲያስ ሥራው ምንድን ነው?»

ይህን ጥያቄ የእኛን ቤት የማያውቅ ሰው እንደ ዘለፋ ይሰማዋል። ዘለፋ አልነበረም። በአባቴ ዓለም ማዕረግ ያለ ሥራ የለም። መሪጌታ ተብሎ የተሾመ ማኅሌቱን ይመራል። ቀኝ ጌታ በቀኝ፣ ግራ ጌታ በግራ ይቆማል፤ ሰውየው ቢቀር ቦታው ባዶ መሆኑን የደብሩ ሰው ሁሉ ያያል። ስለዚህ አባቴ የጠየቀኝ ከልቡ ነው።

«እስከ ክረምት ጊዜ አለሽ» አለኝ። «ሥራ ካለው ያዢው። ከሌለው መልሺው። ስም ብቻ ተሸክሞ የሚዞር ሰው ከዚህ ቤት አይወጣም።»

የጨነቀኝ ዘውዱን ማጣት አልነበረም። አስተማሪ መሆን እፈልግ ነበር፤ ሰው ፊት ቆሞ ነገር ማስረዳት እወድ ነበር። አባቴ ይህን የመጀመሪያ መቆሜን «ታይታ» ብሎ ከዘጋው፣ ሌላውም እንደሚዘጋ ተሰማኝ።

ስለዚህ በእኛ ቤት ያደገ ሰው ብቻ የሚሠራውን ስሕተት ሠራሁ። ተቀምጬ የዓመት ዕቅድ ጻፍኩ። ሦስት ገጽ ነበር። በማስመሪያ አራት ዓምድ አሰመርኩ፦ ተራ ቁጥር፣ ተግባር፣ ጊዜ፣ ፈጻሚ። በምሄድበት ትምህርት ቤት ሁሉ ከሴት ተማሪዎች ጋር አንድ ክፍለ ጊዜ እቀመጣለሁ፤ ከክፍላቸው አንደኛ የወጡትን በሕዝብ ፊት በስም እጠራለሁ፤ አምስት ደቂቃ እናገራለሁ። ይህን በሁለት ቅጂ ገልብጬ ወደ ኮሚቴው ቢሮ ወሰድኩ።

የኮሚቴው አስተባባሪ ሁልጊዜ ሙሉ ልብስ የሚለብስ፣ ስልኩ ከጆሮው የማይለይ ወጣት ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብቻ ይቸኩላል። ወረቀቱን አገላበጠና ፈገግ አለ።

«ፈጻሚ የሚለው ላይ ማንን ነው የጻፍሽው?»

«ራሴን።»

«ቆንጆ» አለኝ፤ ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም፤ «አንቺ እኮ ፕሮግራም ነሽ እንጂ ፕሮግራም አውጪ አይደለሽም።»

ዕቅዴን ጠረጴዛው ላይ ተወው። የሻይ ብርጭቆውንም አስቀመጠበት። ሁለተኛውን ቅጂ ግን ይዤው ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት በመቆም አለፉ። አምበር በምትባል ከተማ ለአንድ ምርቃት መቀስ በሰሃን ይዤ ቆምኩ። የጥኖራ በምትባል ሌላ ከተማ ደግሞ በበልጉ ዝናብ ችግኝ ተከላ ነበር፤ ቀድሞ የተተከለ ችግኝ ነቅለው ሰጡኝና እያዟዟሩ ፎቶ አነሱኝ። አምስተኛው ቦታ ላይ ስንደርስ የችግኙ ሥር ተራቁቶ አፈሩ ረግፎ አልቋል። እዚያ ላይ ነው መጀመሪያ እምቢ ያልኩት። ጥብጣቤን አወለቅኩና ከአንዲት እናት ዶማ ተውሼ መቆፈር ያዝኩ።

አስተባባሪው ከመኪናው ሆኖ «ቀሚሱ! ቀሚሱ ተበላሸ!» ይላል።

ዶማውን ያዋሱኝ እናት «ይታጠባላ! ልብስ የማይታጠብ መስሎታል?» አሉ፤ የከበቡን ሴቶች ሁሉ ሳቁ። መኪናው ትቶኝ ሄደ። እኔ ሰባት ችግኝ ተክዬ፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኜ በአውቶብስ ተመለስኩ። ያን ቀን ቤት ስገባ አባቴ ቀሚሴን ከላይ እስከ ታች አየው።

አሁን ወደ ሞጣው ቀን እመጣለሁ።

ግንቦት ላይ ሞጣ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይመረቅ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ከቢቸና በሚኒባስ ተነሥተን፣ ደብረ ወርቅን አልፈን፣ ሁለት ሰዓት ገደማ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ደረስን። በዚያው ቅጽበት ከግቢው መዝሙር ተሰማ፤ ሰንደቅ ዓላማ እየተሰቀለ ነው። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። መንገዱ ላይ ያለው ሁሉ ባለበት ቀጥ አለ፤ ባጃጁም፣ ጋሪውም፣ ዳቦ ይዞ የሚሮጠውም ሰው።

ከመስኮቴ ፊት ለፊት እንጨት የተሸከመች ሴት ቆማለች። ሸክሙን አላወረደችም። ለማውረድ የሚያግዛት ሰው፣ መልሶ ለመሸከም ደግሞ ሌላ ሰው ያስፈልጋታል። ስለዚህ እንዳጎነበሰች፣ ገመዱን በሁለት እጇ እንደያዘች፣ ላቧ ከግንባሯ ወደ ዓይኗ እየወረደ ቆመች። ሰንደቁን ማየት እንኳ አትችልም፤ ቀና ማለት አይሆንላትም። መዝሙሩ እስኪያልቅ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«ውረጂ፣ ጊዜ የለንም» አለኝ አስተባባሪው ስልኩን እንደያዘ።

አልወረድኩም። መዝሙሩ ሲያልቅ ሴትየዋ ሸክሟን ሸቀብ አድርጋ መንገዷን ቀጠለች። እኔም ያን ጊዜ ወረድኩ።

ቤተ መጻሕፍቱን የሚመርቁት የክብር እንግዳ ዘገዩ። ተማሪዎቹ ሜዳ ላይ በሰልፍ ቆመው ፀሐዩ ጠና። እኔም ሰንደቁ አጠገብ አበባ ይዤ እንድቆም ስለታዘዝኩ፣ እዚያው ከቆመች አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ጋር ወሬ ጀመርን። አጭር ናት፤ ዩኒፎርሟ በአጠባ ብዛት ቀለሙ ለቋል። በትምህርት ቤቱ ደንብ ሰንደቅ ዓላማ የሚሰቅለው ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ተማሪ ነው፤ ለአንድ ሳምንት። የእሷ ሳምንት ያን ቀን ያበቃል።

«ጠዋት የሰቀለ ነው ማታ የሚያወርድ» አለችኝ። «ሌላ ሰው አይነካውም። እስከ ማታ የኔ ነው።»

«ዝናብ ቢመጣስ?»

«ከክፍል ያስወጡኛል። ፈተና ላይም ብሆን።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ዛሬ እናቴ ልታየኝ ትመጣለች። ከገጠር ነው፤ ገበያ ውላ ሳወርደው ትደርሳለች።»

አራት ሰዓት ተኩል ላይ የእንግዳው መኪኖች ብቅ ሲሉ፣ ጠዋት ስልክ ላይ ሆኖ መዝሙሩን ልብ ያላለው አስተባባሪ ሰንደቁን ቀና ብሎ አየና ደነገጠ።

«ማን ነው የሰቀለው?»

የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር «ሁልጊዜ በሰዓቱ ነው የምንሰቅለው» አሉ።

«እንግዳው ናቸው እንጂ የሚሰቅሉት! ከዚህች ባለ ዘውድ ወይዘሪት ጋር! ካሜራ ያመጣነው ለምንድን ነው?» ወደ ዘበኛው ዞረ። «አውርደው። እንደገና ይሰቀላል።»

ርእሰ መምህሩ አንገታቸውን ደፉ። ዘበኛው ወደ ገመዱ ሲጠጋ ልጅቷ ቀደመችው፤ ገመዱን በሁለት እጇ ያዘች።

«አይወርድም! ገና ቀን ነው!»

«አንቺ ልጅ፣ ወዲያ በይ» አላት አስተባባሪው።

«ማታ ነው የሚወርደው! ሌላ ሰው ከሰቀለው እኔ አላወርድም ማለት ነው!»

«ወላጅ ታመጪያለሽ!»

«ማታ ትመጣለች!»

የቅርቡ ሰልፍ በሳቅ ተናወጠ። ከአጥር ውጭ ዱላቸውን ተደግፈው ሲያዩ የነበሩ አንድ ሽማግሌም ጮክ ብለው ገቡበት፦ «ኧረ እናንተ! እኔ ለዚህ ባንዲራ ጠዋት ቆሜያለሁ! በቀን ስንት ጊዜ ነው የምታቆሙን?»

አስተባባሪው ፊቱ ቀላ። «ቆንጆ፣ ነይ ገመዱን ያዥ» አለኝ።

ሄጄ ያዝኩት። ልጅቷ ቀና ብላ ስታየኝ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ እኔንም ከእነሱ ቆጥራኝ ነበር። ከእጇ የተረፈውን የገመዱን ጫፍ ምሰሶው ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥሜ አጥብቄ ቋጠርኩት። ከዚያ ወደ ማይክሮፎኑ ሄድኩ። ማንም አልከለከለኝም፤ እናገራለሁ ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረምና።

ያልኩትን አሁንም አስታውሰዋለሁ፤ ረጅም ስላልነበር። «ይህ ሰንደቅ ዓላማ በሁለት ሰዓት ተሰቅሏል። ሲሰቀል ከዚህ በር ውጭ አንዲት ሴት እንጨት ተሸክማ ቆማ ነበር፤ ሸክሟን ሳታወርድ። አሁን ለፎቶ ካወረድነው የጠዋቱ መቆሟ ልምምድ ነበር ማለት ነው። እሷ ግን እየተለማመደች አልነበረም። የሰቀለችው ይህች ተማሪ ናት። አንደኛ ወጥታ ነው የሰቀለችው። ማታም የምታወርደው እሷ ናት።» ከዚያ ስሟን ጠርቼ አስጨበጨብኩላት። በስም መጥራት የዕቅዴ ተራ ቁጥር ሁለት ነበር።

እንግዳው ከመኪና ወርደው ይህን ሁሉ ሰምተዋል። በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። ወደ ልጅቷ ተጠጉና «ምን ሆንሽ አንቺ?» አሏት። እንባዋን እየጠረገች በቅደም ተከተል አስረዳቻቸው። እሳቸውም ወደ አስተባባሪው ዞረው «የተሰቀለውን ምን ብዬ ነው የምሰቅለው? ይልቅ ቤተ መጻሕፍቱ የት ነው?» አሉ። እሳቸው ለካ ልስቀል ብለው አያውቁም ኖሯል።

ምርቃቱ አለቀ። መቀሱን ሌላ ሰው ያዘ። ሚኒባሱም ሲመለስ እኔን አልጠበቀኝም፤ እኔም አልፈለግሁትም። እስከ ማታ ቆየሁ። እናቷ በጀርባዋ ቅርጫት አዝላ፣ እግሯ አቧራ ለብሶ፣ ልክ በሰዓቱ በበሩ ገባች። ልጅቷ ገመዱን ፈታች፤ የቋጠርኩት ጠንክሮባት በጥርሷ ነበር የፈታችው። ቀስ አድርጋ አወረደችው፤ መሬት ሳታስነካ አጠፈችው። እናቷ ቅርጫቱን ሳታወርድ ቆማ አየቻት። ያን ምሽት ከትምህርት ቤቱ መምህራን አንዷ ቤቷ አሳደረችኝ።

ስለ አገር ፍቅር ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ፤ አሁንም በየበዓሉ እሰማለሁ። ተማሪዎቼ ቢጠይቁኝ ግን ምሳሌዬ ያ ቀን ነው። አገሩን የሚወድ ሰው የተሰጠውን ሰዓት ይጠብቃል፤ ካሜራ ቢኖርም ባይኖርም። እንጨት የተሸከመችው ሴት ፎቶ አልተነሣችም። ልጅቷም ፎቶ አልተነሣችም። ፎቶ የተነሣሁት እኔ ነኝ፤ ያም አበባ ይዤ ዝም ብዬ በቆምኩበት ሰዓት ነው። ክፍል ውስጥ የጠየቀችኝ ተማሪ አክስት ስልክ ላይ ያለው ፎቶ እሱ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ከኮሚቴው ደብዳቤ መጣ። «የፕሮግራም ሥነ ሥርዓት በመጣስሽ ዘውዱንና ጥብጣቡን እንድትመልሺ» ይላል። ክረምቱ እየገባ ነበር፤ አባቴ የሰጠኝም ጊዜ አልቋል። ደብዳቤውን ፊቱ አስቀምጬ የሞጣውን ቀን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማ።

«ታዲያ ለምን መልሺ አሉሽ?»

«ሥራ ስለሠራሁበት።»

ከዚያ ጋቢውን አነሣ፤ መቋሚያውንም ያዘ። «ተነሽ፤ አብረን እናስረክብ» አለኝ። «ግን ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ሹመት ሲለቀቅ የተሠራው ይጻፋል።»

ርክክቡን በሁለት ቅጂ ጻፍኩ። ቢሮው ስንደርስ አስተባባሪው አባቴን አይቶ ብድግ አለ፤ ወንበር ሰጠው። ወረቀቱን ሲያይ ግን ሳቁ መጣ።

«የኔታ፣ ለቆርቆሮ ዘውድ ርክክብ?»

«ቆርቆሮ ከሆነ በደብዳቤ ምን አስጠየቃችሁ?» አለ አባቴ።

ሰውየው ሳቁን ዋጠ። ወረቀቱ ላይ አንድ ዘውድ፣ አንድ ጥብጣብ የሚለውን አነበበ። ቀጥሎ «በሹመቱ ዘመን የተሠራ ሥራ» ይላል፤ ከሥሩ ሁለት መስመር፦ የጥኖራ ላይ ሰባት ችግኝ ተተክሏል፤ ሞጣ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ያለ ሰዓቱ እንዳይወርድ ተደርጓል።

«ይህችን የሞጣዋን ብንተዋትስ?»

«እሷን ከተውን ዘውዱ አይመለስም» አልኩት።

አባቴን አየ። አባቴ መቋሚያውን ተደግፎ ማኅሌት ላይ እንደሚቆመው ቆሟል፤ የሚቸኩልበት ጉዳይ ያለው አይመስልም። ሰውየው ፈረመ። በሁለቱም ቅጂ ላይ አስፈረምኩት። ስንመለስ አባቴ በገበያው መሐል ሰላም ለሚለው ሁሉ «ልጄ ናት፤ ሹመት አስረክባ ነው» ይል ነበር።

ኮሌጅ ስገባ የሸኘኝ እሱ ነው። ተመርቄ የተመደብኩት ደግሞ ሞጣ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ያው አይደለም፤ የሰንደቅ ዓላማው ደንብ ግን ያው ነው። ካልሆነም አደርገዋለሁ።

ዓርብ ዕለት የርክክቡን ቅጂ ይዤ ክፍል ገባሁ። ታሪኩን ከነገርኳቸው በኋላ ጠያቂዋን አስነሥቼ ጮክ ብላ እንድታነብ አደረግኋት። «ዘውድ» የሚለው ላይ ሳቁ፤ «ችግኝ» የሚለው ላይ ሳቁ። የመጨረሻው መስመር ላይ አልሳቁም። አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን አልመለሰችልኝም።

«ቲቸር፣ ዘውዱን አሁን ቢመልሱልዎት ይወስዱታል?»

«ዕቅዴን ከተቀበሉ።»

«ዕቅዱ አሁንም አለ?»

ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየኋት። ሦስት ገጽ፣ አራት ዓምድ። «አለ» አልኳት። «የምቀይረው ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ነው።»